ሐዘኑ ደረሰ፣ ብሩስ? የቱርክ መሬት መንቀጥቀጥና አንድ የጎንደር እድር

የቱርክ ምድር የተናጠው የነነዌ ጾም በተያዘበት ዕለት ነው፤ ሰኞ፣ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.። የእኛና የቱርክ ሰዓት እኩል ስለሆነ ማመሳከር አያስፈልግም። ከሌሊቱ 10፡17 ላይ፣ እዚህ ጎንደር ካህናቱ ለኪዳን በሚነሱበት ሰዓት፣ ካህራማንማራሽ በምትባል ከተማ አካባቢ በመለኪያው 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቀን 7፡24 ላይ ደግሞ 7.5 የሆነ ሌላ ደገመው። በቱርክ ብቻ ከ53,000 በላይ ሰው ሞተ። በሶርያ በኩልም ሺዎች አለቁ።

ካርታ ብትዘረጉ ካህራማንማራሽ ከጎንደር ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም እምብዛም ሳይሉ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር ነው። ይህን የማነሳው ቅርብ ነው ለማለት አይደለም። በዚያ ሰሞን «ሩቅ ስለሆነ ነው ሰው እጁን ያልዘረጋው» ሲባል ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው። ነገሩን ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ርቀቱ ዋናው ምክንያት ሆኖ አላገኘሁትም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጎንደር አዝኗል። በቡና ላይም በታክሲ ውስጥም የሚወራው ሐዘን የውሸት አልነበረም። ከዚያ ሐዘን ውስጥ ግን ወደ ብር የተለወጠው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለምን? እኔ አባል የሆንኩበትን የሰፈር እድር ይዤ ልሞክረው። ሰፈሩን አልጠራም። ማራኪም በሉት አዘዞ፣ ነገሩ ብዙ አይለወጥም።

ሳምንቱ ሞልቶ ነበር

የዚያን ሰሞን ጎንደርን ያላየ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። ጥር 14 ቀን ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተደርጎ ቤተ ክርስቲያን ታምሳለች። ሲኖዶሱ ሦስቱን የነነዌ ቀናት ምእመኑ ጥቁር ለብሶ እንዲጾምና እንዲጸልይ አዟል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከተማው ጥቁር ለብሶ ነው የነቃው። ፒያሳ ላይ ባለሱቁም ተማሪውም ሊስትሮውም ጥቁር ነው። ጥቁር ልብስ የሌለው ከጎረቤት ተውሷል። ለሐዘን የተሰናዳ ከተማ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሐዘኑ ግን የራሱ ነበር።

በየደብሩ የሚነበበው ትንቢተ ዮናስ ነው። ከተማ ልትገለበጥ ነው፣ ንስሐ ግቡ የሚለው። የነነዌ ፍርስራሽ ያለው ኢራቅ፣ ሞሱል ውስጥ ነው። ከቱርክ ድንበር ብዙም አይርቅም። ከቅዳሴ መልስ ስልካቸውን ሲከፍቱ የተደረመሰ ፎቅ ያዩ ሰዎች ሁለቱን ማገናኘታቸው አልቀረም። አንዳንዱ «ምልክት ነው» አለ። አንዳንዱ አማተበና ወደራሱ ጉዳይ ተመለሰ። ለእኔ የሚገርመኝ የሁለተኛው ነው። ማማተቡ ከልቡ ነው። ከዚያ በላይ የሚሆን ቦታ ግን በሳምንቱ ውስጥ አልነበረም። ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞቷል። ለእሑድ የተጠራው ሰልፍ ይደረጋል አይደረግም እየተባለ ሁሉም ጨንቆታል። የካቲት 2 ቀን ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ቪፒኤን ያለው አየ፣ የሌለው በወሬ ሰማ።

ይህ የጎንደር ጠባይ ብቻ አይደለም። ቶማስ አይዘንሴና ዴቪድ ስትሮምበርግ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2002 የደረሱ 5,000 ያህል የተፈጥሮ አደጋዎችን ሰብስበው፣ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች የትኛውን እንደዘገቡ፣ መንግሥታቸውስ ለየትኛው እንደረዳ መረመሩ። ኦሎምፒክ በሚካሄድበት ሰሞን የደረሰ አደጋ ዜናውም እርዳታውም አነሰ። የሞተው ሰው ቁጥር ያው ነው፣ ስቃዩም ያው ነው። ልዩነቱ ሰው ዓይኑን ሌላ ቦታ መትከሉ ነው። አሜሪካኖቹ ሩጫና ዋና እያዩ ነበር። እኛ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን ነገር ይዘን ነበር። ሁለቱ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም፣ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ተመሳሰለ።

ቱርክን በቃና

እንዲህም ሆኖ ቱርክ ለጎንደር ባዳ አገር አይደለችም። ይህን ያደረገው ቃና ቴሌቪዥን ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ እየተናገረ በየሳሎኑ ገብቷል። የኢስታንቡልን ባሕር ጎንደርን ለቅቀው የማያውቁ እናቶች አሳምረው ያውቁታል። የዚያ ሳምንት ሐዘን ውስጥ ይህ ነበረበት። «ውይ እነዚያ ቆንጆ ቆንጆ ልጆች» ብላ ያለቀሰች ጎረቤት አለችኝ። የምታዝነው ለተዋንያኑ ይሁን ለሞቱት አልለየላትም። እኔም አላረምኳትም። ሐዘን በየት በኩልም ቢገባ ሐዘን ነው።

ሶርያ ቃና ላይ የለችም። በዜናውም ሁለተኛ ነበረች። በተቃዋሚዎች እጅ ወደነበረው ሰሜን ምዕራብ ሶርያ የተባበሩት መንግሥታት እርዳታ እንዲያስገባ የተፈቀደለት ባብ አል-ሀዋ በሚባል አንድ መተላለፊያ ብቻ ነበር። ሌሎች ሁለት በሮች እንዲከፈቱ ስምምነት የተገኘው መንቀጥቀጡ ሳምንት ከሞላው በኋላ ነው። ፍርስራሽ ውስጥ ላለ ሰው ሳምንት ማለት ምን እንደሆነ መናገር አያሻም። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ኃላፊ ራሳቸው የዚያን አካባቢ ሕዝብ እስካሁን አልደረስንለትም ብለው አምነዋል።

ሰው ያስታወሳቸው ሁለት ነገሮችን ነው። አንዱ ፎቶ ነው። አንድ አባት ብርቱካናማ ጃኬት ለብሶ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጧል። ከኮንክሪቱ ስር ከፍራሽ ላይ የወጣ እጅ ይዟል። የሞተችው ልጁ እጅ ነው። ሁለተኛው ጂንደይረስ በምትባል የሶርያ ከተማ ከፍርስራሽ የወጣችው ጨቅላ ናት። እትብቷ ከሞተች እናቷ ጋር እንደተያያዘ ነበር የተገኘችው። እሷን ለማሳደግ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ ጠየቁ። ለአንዲት ሕፃን ሺህ አሳዳጊ! እዚያው አካባቢ ወላጅ ያጡ ሌሎች ልጆች ነበሩ። ፎቶ ስላልነበራቸው ጠያቂም አልነበራቸው።

ይህን ጠባይ የፈተሹ ሰዎች አሉ። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ለሰዎች 5 ዶላር ሰጥተው ከእሷ ላይ ለተራበ እንዲለግሱ ጠየቁ። የአንዲት የማሊ ልጅ ፎቶና ታሪክ ያዩት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። ስለ ሚሊዮኖች ረሃብ ቁጥር ብቻ ያነበቡት 1.14 ሰጡ። የልጅቷን ታሪክ ከቁጥሩ ጋር አዳብለው ያዩትስ? ከሁለቱ ድምር የሚበልጥ ይመስላል። 1.43 ነው የሰጡት። ቁጥሩ ልጅቷን ጋረዳት።

የተማሪዋ እናት ቤት

ለሰፈራችን ግን ፊቷ የሚታወቅ አንዲት ሰው እዚያ ነበረች። አንዲት የእድራችን አባል ልጇ በቱርክ መንግሥት የትምህርት ዕድል ሄዳ ደቡብ ቱርክ ትማራለች። ሰኞ ጠዋት ስልኳ አይሠራም። እናትየው ጥቁሩን የለበሰችው ለቤተ ክርስቲያን ነበር። ማታ ላይ ግን ለልጇ የለበሰችው መሰላት።

እዚህ ላይ ጎንደርን ማየት ነበር። ማንም አልተጠራም። ጡሩምባ አልተነፋም። ግን ሰው መጣ። አንዷ ስኳርና ቡና፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ባዶ እጇን ግን ፍራሿን ይዛ ልታድር መጣች። ወጣቶቹ በየስልካቸው ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ያሉበትን ግሩፕ ሲፈልጉ አመሹ። የስልክ ካርድ የገዛላት አለ። ወደ ውጭ መደወል ምን ያህል ብር እንደሚበላ ስለሚያውቅ በወረቀት የተጠቀለለ ብር ትራስ ስር ሸጉጦ የሄደም አለ። ልጅቷ ደኅና ናት። ውጭ ብርድ ላይ ነበር ያደረችው፤ ስልኳ ተዘግቶ ነው። ድምጿ ሲሰማ የተባለው እልልታ ሦስት አጥር አልፎ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ቤት የገባውን ስኳር፣ ዳቦ፣ ካርድና ብር ደምሩት። ለቱርክ መሬት መንቀጥቀጥ ከሰፈራችን የወጣ ልግስና ነው። በየትኛውም የእርዳታ ድርጅት መዝገብ ላይ አይገኝም እንጂ።

የቅበላ እሑድ ስብሰባ

የቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ የካቲት 8 ቀን በስምምነት ረገብ አለ። የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ የዋለው በቀጣዩ እሑድ፣ የካቲት 12 ነው። የሰማዕታት ቀን ነው፤ ደግሞም ቅበላ ነው። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። የሁሉም ቤት ዶሮ ምድጃ ላይ ነው። ስብሰባው እንዲያጥር የማይፈልግ አንድም ሰው አልነበረም።

ነገሩን ያነሳው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው። «እድራችን የተቋቋመው ለሐዘንተኛ ነው። ይሄስ ሐዘን አይደለም ወይ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ገንዘብ ያዣችን ጋሼ ደግሞ ከእሱ የተሻለ መለሱ።

«ሐዘንስ ሐዘን ነው ልጄ። ለማን ነው የምሰጠው? ማን ነው ፈርሞ የሚቀበለኝ?»

ልጁ ኤምባሲ አለ፣ ቀይ መስቀል አለ አለ። ጋሼ አልተበሳጩም። መዝገባቸውን ገልጠው የለቅሶ ወጪውን አሳዩን። እያንዳንዱ መስመር ላይ የሟች ስም፣ የተቀባይ ስም፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። «እኔ ይሄን የሚመስል ወረቀት አምጡልኝ ነው የምለው። ሌላ ምንም አላልኩም» አሉ።

ብዙ ሰው በዚህ ላይ ገንዘብ ያዡን ቋጣሪ ሊል ይችላል። እኔ አልልም። የእድር ገንዘብ የሚሠራው እንዲህ ስለሆነ ነው። ዛሬ ለእኔ የመጣ ድንኳንና እንጀራ ነገ ለአንተ ይሄዳል። ብድር በምድር ነው። ለለቅሶ የመጣ፣ ያልመጣ ይታወቃል። ከዚህ መዝገብ ውጭ ያለ ሰው እንዳይረዳ የሚከለክል ክፋት የለም። ግን እርዳታው የሚፈስበት ቦይ ወደዚያ አልተቆፈረም።

ያኔ እማማ ተነሱ። ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው፤ በስብሰባ ላይ ብዙም አይናገሩም። «በሰባ ሰባት እብናት የበላነውን ስንዴ ማን እንደላከው አውቀን ነው? ፈርመን ነው የተቀበልነው? በላን፣ ተረፍን» አሉና ተቀመጡ።

ዝም ተባለ። እብናት በዚያን ጊዜው ጎንደር ክፍለ ሀገር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የተጠለለበት ካምፕ ነበር። ስንዴው እንዴት እንደመጣ እኛ ከእማማ ይልቅ በመጽሐፍ አውቀነዋል። ረሃቡ ከወራት በፊት የታወቀ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ ለዓለም ሲያሳስብ ከርሟል። የሰማ ጥቂት ነው። ደርግም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። ነገሩ የተለወጠው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲታይ ነው። በደቂቃዎች የሚቆጠር ፊልም ነው። የወራት ማሳሰቢያ ያላደረገውን አደረገ።

የእማማ ንግግር ስብሰባውን አሸነፈ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላሸነፈም። አንዱ «እማማ፣ ያኔ የላኩት ሀብታሞች ናቸው እኮ» አለ። ሌላው ሰዓቱን አየ። ዳኛው ነገሩን በዘዴ ቋጩት። የእድሩ ገንዘብ በደንቡ መሠረት አይነካም፤ የፈቀደ ግን በግሉ ይስጥ። ኮፍያ ዞረ። የተሰበሰበው ለዚያ ዕለት ቅበላ ከታረደ አንድ በግ ዋጋ የማይበልጥ ነው።

ኮፍያው ውስጥ ያለው ብር

ብሩን ማን ያድርስ? መምህሩ ኃላፊነቱን ወሰደ። ባንክ ሄዶ ጠየቀ። የኢትዮጵያ ብር ድንበር አይሻገርም። ወደ ውጭ ለመላክ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ለመድኃኒትና ለነዳጅም አልበቃ ያለበት ጊዜ ነው። በባንክ ዶላር 53 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቴሌብር ወንዝ ያሻግራል፣ ባሕር ግን አያሻግርም። የሚቀረው አዲስ አበባ ለሚገኝ አካል ማስረከብ ነው። ለአንድ በግ ዋጋ ማን አዲስ አበባ ይሄዳል? ትራንስፖርቱ ራሱ በጉን ይበላዋል።

ሌላው ዓለም በዚያ ሰሞን በስልኩ ሁለት ጊዜ ነካ እያደረገ ይሰጥ ነበር። የእንግሊዝ የእርዳታ ድርጅቶች በኅብረት ያወጡት ጥሪ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስቧል። የተባበሩት መንግሥታትም ለቱርክ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ለሶርያ 397 ሚሊዮን ዶላር ጠይቋል። እንግሊዛዊው ከጎንደሬው ይበልጥ ያዝናል ብዬ አላምንም። ቦዩ ተቆፍሮለት ነው የጠበቀው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ላንሳ። መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ኢትዮጵያ ያኔ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ውስጥ ናት፤ ዓለም ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚልከው። በዚያው ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5,000 ዶላር ወደ ሜክሲኮ ላከ። በጊዜው ምንዛሪ፣ አንድ ዶላር በ2.07 ብር፣ 10,350 ብር ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ሜክሲኮ ረድታናለች። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የተባለውም ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም በማለቷ ነው። ይህ ታሪክ በውጭ አገር እንደ ተአምር ይነገራል። ለእኛ ሰው አይገርመውም። የጋሼ መዝገብ ነው። የሃምሳ ዓመት ለቅሶ ብድር ተመለሰ፤ መላኪያ የሚያውቅ ድርጅትም በመሐል ነበረ። 1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ቀይ መስቀላችን ሁለቱንም ይዞ ነበር፣ ብድሩንም መንገዱንም።

ለቱርክ ግን ብድሩም መንገዱም አልነበረም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «ቱርክ አይደለም ወይ ለግራኝ ጠመንጃ ያቀበለው?» ብለው ስብሰባውን አስቀውታል። አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቂም! ለሶርያስ? አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሶርያውያን ስደተኞችን መንገድ ላይ ያስታውሳል። ልጅ አቅፈው፣ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ይቆሙ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያዊ ሰጥቷቸዋል። ደረሰኝ የጠየቃቸው የለም። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ራሱ ደረሰኝ ነው።

የኮፍያው ብር መጨረሻ ላይ ቦረና ሄደ። በዚያው ሰሞን የቦረና ድርቅ ፎቶ ወጣ። ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ከድቷቸው ከብቱ በየሜዳው ተጋድሟል። አገሩ ሁሉ ተነሳ፤ ገንዘብ የሚሰበስብ በየቦታው ነበር። ጋሼ ፊርማቸውን አገኙ። ቦረና ከጎንደር በመኪና ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከእኛ መሐል አንድም ሰው ረግጦት አያውቅም። ለዚህ ነው ርቀቱን ዋና ምክንያት አድርጎ መውሰድ የከበደኝ።

ደባርቅም ራቀ

ጉዳዩ እዚህ ቢያበቃ «ቱርክ ባዕድ ናት፣ ምን ይደረግ» ብለን ማለፍ እንችል ነበር። ከመንፈቅ በኋላ ግን ያው ነገር በራሳችን ደጅ ደረሰ።

የ2015 ክረምት በሰሜን ጎንደር ዝናቡ ቀረ። ጃናሞራ፣ በየዳ፣ ጠለምት። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሌሊት አውቶቡስ አያስፈልገውም። ነገር ግን በክልሉ ጦርነት ተነስቷል። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቷል። ጎንደር ከተማ ራሷ ተኩስ ሰምታለች። ፎቶ የሚያነሳ ቢኖር እንኳ የሚልክበት የለም። ጋዜጠኛ አይገባም። የጃናሞራ ገበሬ በዚያ ወር ለጎንደር ሰው ከካህራማንማራሽ ሰው ይበልጥ ራቀ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ድርቅ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሰዓት አለው፤ 10፡17 ይባላል። ድርቅ ሰዓት የለውም። የጀመረበትን ቀን የሚነግርህ የለም። እነዚያ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ይህንንም ለክተውታል። በእሳተ ገሞራ የአንድ ሰው ሞት በቴሌቪዥን የሚያገኘውን ያህል ቦታ ለማግኘት፣ በምግብ እጥረት 40,000 ሰው መሞት አለበት። ይህን ቁጥር ለእድሩ ጸሐፊ ሳነብለት የተሳሳትኩ መስሎት ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝ። አልተሳሳትኩም። የእኛን አገር አደጋ ሁሉ የሚገልጽ ቁጥር ቢኖር ይሄ ነው። እኛ ጋ የሚገድለው ብዙ ጊዜ የሚያፈርስ ነገር ሳይሆን የሚያደርቅ ነገር ነው።

ወሬው ወደ ሰፈራችን የገባው በሰው ነው። ከጃናሞራ የወረዱ ቤተሰቦች የቀን ሥራ ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ታዩ። ከእነሱ መሐል አንዱ የአንድ አባላችን የአክስት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሌላው የተማሪዋ እናት ደጃፍ ላይ ነው ያደረው። ከዚያ በኋላ ስብሰባ አላስፈለገም። ማሽላው፣ በቆሎው፣ ሽሮው ከየቤቱ ወጣ። ደንቡ ምን ይላል ያለ የለም። ጋሼ ራሳቸው በመዝገባቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ «በዓይነት» የሚል አዲስ ዓምድ አሰመሩ። ወደ ላይ፣ ወደ ወረዳዎቹ ግን ብዙም አልደረሰም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። እህል ያገኘው ወርዶ ፊቱን ያሳየን ሰው ነው። ከሁሉም የከፋበት ደግሞ መውረድ ያልቻለው ነበር።

ይህ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ክፍል ነው። ፊት አይቶ መስጠት ደግ ነገር ነው፤ የተማሪዋን እናት ቤት ያየ ሰው አይነቅፈውም። ግን የሚመርጠው እግር ያለውን ነው። ፎቶም እንደዚያው የሚመርጠው ካሜራ ያገኘውን ነው። እማማ ያሉት ነገር ከዚህ የሚያወጣ ይመስለኛል። ሳያውቁ የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ሳያውቁ ለመስጠት ግን የሚያምኑት አድራሽ አስቀድሞ ነበራቸው። አደጋ ሲደርስ የሚፈለግ ሳይሆን ቀድሞ የተዘጋጀ አድራሽ ነው።

እድሩ ውስጥ ነገሩ እስካሁን አላለቀም። መምህሩ በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር አቅርቦ ከብዙ ክርክር በኋላ ተቀባይነት አግኝቷል። ከሰፈሩ ውጭ ለደረሰ አደጋ እርዳታ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ ይላል። ማን እንደሚቀበል፣ በምን በኩል እንደሚላክ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ማን መጥቶ እንደሚነግረን። ጋሼ አንድ ሐረግ አስጨምረዋል። «ከአገር ውጭ ከሆነ በቀይ መስቀል በኩል ብቻ።» መምህሩ ይህን አልወደደውም፣ ግን ፈረመ። ሁለተኛው ሐሳቡ፣ ከወርኃዊ መዋጮ ላይ ትንሽ ብር እየተቀነሰ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን እንዲቀመጥ የሚለው፣ አልተሳካለትም። መዋጮው ገና በቅርቡ ጨምሯል፤ ጤፍም አልቀነሰም። እማማ ደግፈው እጃቸውን አውጥተው ነበር። ከእሳቸው ጋር ያወጣነው አናሳዎቹ ነበርን። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ ተብሎ አድሯል።